የቀርከሃው አፍ የተደፈነ ጊዜ

ስሙን ከምጠራው ብተወው ይሻላል። አንድ አገር ነበር በሉት፤ ከሰማይ በታች፣ ከገደል በላይ። ስሙን የሚያውቅ ዝም ይበል፣ የማያውቅም አይጠይቀኝ። እኔ ራሴ ይህን ነገር ባነሣሁት ቁጥር ፊቴን ወዴት እንደማዞር ይጠፋኛል። ደግሞ ገና ሳልጨርስ "እንዴ፣ ይኸማ እኮ የኛው..." የሚል ሰው ካለ ከአሁኑ ተነሥቶ ይውጣ።

በዚያ አገር ሰው ሁሉ በቀርከሃ ይነጋገር ነበር። ድሮ ድምፅ ያለው የቤተ መንግሥቱ ነጋሪት ብቻ ነበር፤ ነጋሪቱ ዝናብ ነው ካለ ዝናብ ነው፣ ጥጋብ ነው ካለም የራበው ሰው ሆዱን ይዞ "እሰይ" ይላል። ኋላ ግን አንድ ሰነፍ ሰው፣ ጎረቤቱን ለመጥራት መነሣት የታከተው፣ ቀርከሃ ቦርቡሮ በአጥር ላይ አጋድሞ ተናገረበት። ጎረቤቱ ሰማ። የጎረቤቱ ጎረቤት ደግሞ የራሱን ቀጠለበት። መጋጠሚያው በሰም እየተመረገ ቀርከሃው ከቤት ቤት፣ ከመንደር መንደር ሄደ፤ ጎርፍ በማይደርስበት ገመድ ተንጠልጥሎም ገደሉን ተሻግሮ ጎረቤት አገር ገባ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው! ማር የሚሸጥ በቀርከሃ ይሸጣል፣ ቅኔ የሚቀኝ ይቀኛል፣ አማቷን የምታማ ታማለች፣ ሹም የሚሰድብም ድምፁን ቀይሮ ይሰድባል።

በዚያ አገር እመት አንጓች የምትባል አንዲት ባልቴት ነበረች። ያላት አንዲት ልጅ ዘርፌ ናት፤ ዘርፌም ገደሉን ተሻግራ ለማዶ ሰው ተድራለች። በበጋ የገመድ ድልድይ አለ፣ ሰው ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ይሄዳል፤ አደይ እስኪፈነዳ ድረስ ወዲያና ወዲህ ሆኖ መናፈቅ ብቻ ነው።

ለእናትና ለልጅ የቀራቸው ቀርከሃው ነው። ራት ተበልቶ ሲያበቃ አንጓች አፏን አስጠግታ "ዘርፌ! አለሽ?" ትላለች። "አለሁ እማዬ!" ይላል ከማዶ። ከዚያ ወሬ ነው፤ ምን በላሽ፣ ወገብሽን እንዴት አደረገሽ፣ የዲያቆኑ አውራ ዶሮ ዛሬም ጓሮዬን ጭሮ ጨረሰው፣ ባልሽ ያንን ጣሪያ ከደነው ወይስ አሁንም ነገ ይላል? ቀርከሃው በየሰዉ ቤት ስለሚያልፍ ይህን ወሬ አገሩ ሁሉ ይሰማዋል። እየሰማም አያስልም፣ ጣልቃም አይገባም፤ የእናትና የልጅ ወሬ ነዋ! አንጓች ግን ታውቃለች። "እናንተ ጆሮ ጠቢዎች፣ ድስታችሁ እንዳያር!" ስትል ከዳር እስከ ዳር ሳቅ ነው።

በዚያ ዓመት ዘርፌ አረገዘች። የመጀመሪያው ፅንስ ሳይበረክትላት ቀርቶ ነበርና ፈራች። "እማዬ፣ የምወልደው ክረምት ላይ ነው፤ አንቺ አትደርሺልኝ" ብላ አለቀሰች።

"እግሬ ባይደርስ ድምፄ ይደርሳል" አለቻት አንጓች። "ምጡ ሲጀምርሽ መኝታሽን ወደ ቀርከሃው ያስጠጉልሽ። እኔ እዚህ ሆኜ አብሬሽ አምጣለሁ።"

ይህን አገሩ ሁሉ ሰማ። በየቤቱ ያለች ሴት ሁሉ አሜን አለች።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ባልመጣ በወደድኩ። በዚያው ሰሞን አንድ አጭበርባሪ አመድ በጥብጦ የቁርጠት መድኃኒት ነው ብሎ በቀርከሃ ሸጠ። ሌላው ደግሞ በእልፍኝ አስከልካዩ ቦርጭ ላይ ግጥም ገጠመ። ቤተ መንግሥቱን ያሳመመው አመዱ ይሁን ግጥሙ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ብቻ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታና ለቀርከሃ ሁሉ ሕግ ይውጣለት ተባለ። የጻፈው ሊቀ ድምፅ ቢያድግልኝ ነው። ሊቀ ድምፅ ማለት የነጋሪቱ አለቃ ማለት ነው፤ ቀርከሃ ከመጣ ወዲህ ነጋሪቱን የሚሰማው ጠፍቶ ሥራ ፈትቶ የከረመ ሰው ነው።

ሕጉ እንዲህ ይል ነበር። በቀርከሃ ለብዙ ጆሮ የሚናገር ሰው ሁሉ ፈቃድ ያውጣ። በቀርከሃው ላይ ያገሩ ድምፅ ይቅደም፣ የማዶ ዘፈን ከኋላ ይሰለፍ። ሰዉ ያገሩን ድምፅ መስማት አለመስማቱ እንዲታወቅም በየመንደሩ መግቢያ አንድ ጆሮ ቤት ይሠራ፤ ቀርከሃው ሁሉ በዚያ ይለፍ፤ በውስጡም አንድ ሰሚ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ታዲያ ሸንጎው ሳያየው ሕግ አይሆንም። አገሩ በዚህ ይኮራ ነበር፤ "እኛ ዘንድ ሕግ ሳይነፋ አይወጣም" ይሉ ነበር። ለዚህም ምልክት እያንዳንዱ የሸንጎ አባል ጭኑ ላይ ባዶ ወንፊት ይዞ ይቀመጣል። አንቀጽ ሲነበብ ወንፊቱን ይነቀንቃል፤ ጥያቄ ያለው ያቆማል፤ የሌለው "ይሁን" ይላል። በመካከላቸው አንድ ጧፍ ይበራል። ጧፉ ካለቀ ንባብ የለም፤ ሕግ በጨለማ ሲነበብ ዓይኑ ይጠፋል ብለው ያምናሉ። ማጽደቅ ግን አይከለከልም! የቀረው አንቀጽ በቁጥሩ ብቻ ይጠራል፣ እነሱም በጨለማ ቁጭ ብለው "ይሁን" ይላሉ። ይህን ሥርዓት ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ጧፉን በልኩ የሚቆርጠው ግን ሊቀ ድምፅ ነበር።

ከሸንጎው አባላት አንዱ ባላምባራስ አስረበብ የአንጓች ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ምን አሳፈረኝ? ወንበሩን ግን ይወዳል። ሰው "ባላምባራስ" ብሎ ብድግ ሲልለት ፊቱ እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

ሕጉ በሚነፋበት ዕለት እመት አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ ሸንጎ ፊት ቆመች።

"ጌቶቼ፣ እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ አዝማሪም አይደለሁም። የማወራው ለልጄ ነው። ሰው ከሰማኝ በገዛ ጆሮው ነው። ይኸ ሕግ እኔን ይነካኛል ወይ?"

ሊቀ ድምፅ ቢያድግልኝ ሣቀ። "ኧረ እመት አንጓች! ምን በወጣዎት! ሕጉ የሚመለከተው ትላልቆቹን የማዶ ነጋዴዎች ነው። እርስዎን አይነካም።"

"አይነካም?"

"በፍጹም!"

"እንግዲያውስ አይነካም ተብሎ ይጻፍልኛ!"

 ያን ጊዜ ባላምባራስ አስረበብ ወንፊቱን አቆመ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ያን ቀን ሰው ነበር። ብድግ ብሎ "እህቴ ስለሆነች አይደለም። የተባለው ይጻፍ፤ ቃል ይረሳል" አለ። ሊቀ ድምፅም ፈገግታው ሳይጠፋ ጻፈ፦ ለልጁ፣ ለዘመዱና ለወዳጁ የሚናገር ሰው በዚህ ሕግ አይነካም። አንጓች እልል ብላ የወንድሟን ግንባር ስማ ወጣች። ወሬው በዚያው ምሽት ገደሉን ተሻገረ።

እሷ ከወጣች በኋላ ግራዝማች ደምሳሽ የሚባሉ ሽማግሌ ስለ ጆሮ ቤቱ ጠየቁ። "ባልና ሚስት ሲነጋገሩስ ሰሚው ይሰማል?"

"ይሰማል እንጂ ግራዝማች፤ ግን ሰምቶ እንዲረሳ መሐላ አለበት።"

"ካልረሳስ?"

"ካልረሳ ለእኛ ይነግረናል፣ እኛ እንረሳለታለን።"

ግራዝማች ጥቂት አሰቡና ወንፊታቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ቀጥሎ የጎረቤት አገር መልእክተኛ ቀረበ። "የምትመርጉበት ሰም ከእኛ ነው የሚመጣው" አለ። "ዘፈናችንን ከኋላ ካሰለፋችሁት እኛም በርበሬያችሁን ከገበያችን ኋላ እናሰልፈዋለን።" ሊቀ ድምፅም "በርበሬ አይዘፍንም!" ብሎ መለሰለት። ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ሲሥቁ፣ ሲሥቁ፣ ጧፉ አለቀ።

በጨለማው ውስጥ ጸሐፊው ቁጥር መጥራት ያዘ።

"ማሻሻያ አሥራ ሁለት?"

"ሚካኤል ነው! ይሁን!"

"ማሻሻያ አሥራ ዘጠኝ?"

"ገብርኤል! ይሁን!"

እንዲህ ነበር የሚያጸድቁት፤ ቁጥሩ የየትኛው ታቦት ቀን እንደሆነ እያሰቡ። አትሣቁ፣ የሚያሥቅ ነገር የለውም። ጸሐፊው "ማሻሻያ ሃያ አንድ?" ሲል አስረበብ ትንሽ ልቡ አመነታ። ወደ ግራዝማች ደምሳሽ ጠጋ ብሎ "ይኸኛው ደግሞ ስለ ምንድን ነው?" አላቸው።

"እኔ ምን አውቄ! ሃያ አንድ ማርያም አይደለች እንዴ? የማርያምን ቀን እንዴት እምቢ ይባላል?"

እውነት ነው፣ እንዴት ይባላል? ባላምባራስ አስረበብም ወንፊቱን ነቅንቆ ጮክ ብሎ "ይሁን!" አለ። ከሁሉም ድምፅ የሱ ጎልቶ ተሰማ ይላሉ፤ ድምፀ መልካም ሰው ነበር።

ማሻሻያ ሃያ አንድ "አይነካም የሚለው ይውጣ" የሚል ነበር። ኋላ ሊቀ ድምፅን ለምን ብለው ቢጠይቁት "አይነካም ካልንማ የምንነካው ማን ይቀራል?" አለ።

ነጋሪቱ ሕጉን በአደባባይ ሲያውጅ አስረበብ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ነበር የሰማው፤ እንደ ማንም። ጆሮው ጋለ። መሬት ብትከፈትለት በገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእህቱ ደጅ ማለፍ ተወ፤ ገበያ ሲሄድ በጀርባው መንገድ በጭቃው እየዞረ ይሄድ ነበር። ተነሥቶ "ሳላውቅ ነው፣ ይመለስልኝ" ማለት ይችል ነበር እኮ! ግን አላወቅሁም ያለ የሸንጎ አባል መሣቂያ ይሆናል። ከመሣቂያነት ዝምታን መረጠ።

እመት አንጓች ፈቃድ ፍለጋ፣ ፈቃድ ሰጪ ሆነው የተሾሙት ድምፅ መዛኞች ዘንድ ሄደች። መዛኞቹ ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል።

"የሚያወሩት ወሬ ያገር ነው?"

"ታዲያ የየት ሊሆን?"

"ዶሮው የማን ነው?"

"የዲያቆኑ።"

"ጥሩ። ጣሪያውስ?"

"የአማቼ ነው፣ ማዶ።"

"የማዶ ጣሪያ" አለ አንዱ ለሌላው። "እርጉዟስ?"

"ማዶ።"

"የሚወለደው ልጅ የማን ነው?"

"የእግዜር ነው" አለች አንጓች።

ወሬዋ ከግማሽ በላይ የማዶ ነው ተብሎ ወደቀ። በዚያው ዕለት ጠዋት አንድ የማዶ ጨርቅ ነጋዴ ያለ ብዙ ጥያቄ ፈቃዱን ይዞ ወጥቷል፤ የሚጮኽበት ቀርከሃ ከእኛ ጫካ ስለተቆረጠ ድምፁ ያገር ድምፅ ነው ተባለ። ከእኛ አልኩ እንዴ? ከዚያ አገር ጫካ ማለቴ ነው።

ክረምቱ ገባ፣ ወንዙም ድልድዩን ወሰደው። ዘርፌ ወሯ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ ወጣ፦ ፈቃድ የሌለው ቀርከሃ ሁሉ በሰም ይደፈን፤ በየመንደሩ የሚደፍነውም ሕጉን ያጸደቀው የሸንጎ አባል በገዛ እጁ ይሁን። የሕግ ክብር ነው ተባለ።

አስረበብ የእህቱን ቀርከሃ መጨረሻ አስቀረው። ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ምሽት ዝናብ እየዘነበ በሯ ላይ ቆመ። በእጁ ድቡልቡል ሰም ይዟል። ከኋላው ደግሞ የሊቀ ድምፅ ሰው ተከትሎት ከደጇ ዋርካ ሥር ተኮራምቶ ይጠብቃል።

"እትዬ" አለ።

"ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል? በሰበስህ እኮ!" አለችው። ሰሙን አይታለች። መደቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠችው። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

"እትዬ፣ ታዝዤ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ባልደፍነው ሌላ ይደፍነዋል። ወንበሬን አጥቼ ምን እጠቅምሻለሁ?"

"በወንበርህስ ምን ጠቀምከኝ?" አለችው። የምሯን ነበር የጠየቀችው፤ መልስ ጠበቀች። እሱ ሰሙን በጣቱ ያገላብጥ ጀመር። "በል እንግዲህ፣ ለልጄ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ አሁንም እኔ አልነግራትም፤ አንደበቴ አይችልም። አንተው ንገራት። አጎቷ አይደለህ?"

ወዲያው ቀርከሃው "እማዬ! አለሽ?" አለ። ድምፁ የደከመ ነበር። "ከቀትር ጀምሮ ወገቤን እየቆረጠኝ ነው። እሱ ሳይሆን አይቀርም።"

አስረበብ አንጓችን አያት። አንጓች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ዘርፌ፣ እኔ ነኝ፣ አጎትሽ።"

"እንዴ፣ አጎቴ! እንደምን አመሹ? እማዬ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። ቀርከሃው... ቀርከሃው ሊደፈን ነው፣ ልጄ። ሕግ ነው።"

"የምን ሕግ? አይነካም ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ! እርስዎ ነዎት ያስጻፉት እኮ፤ አማቴ እንኳ ስንት ምርቃት መርቀውዎታል።"

"ወጥቷል።"

"ማን አወጣው?"

"እኛ።"

"እርስዎም አሉበት?"

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። አስረበብ ውሸት ፈለገ፣ አጣ። "እኔም አለሁበት። አልተነበበልንም፣ ዘርፌ። ጨለማ ነበር። ቁጥር ተጠራ፤ ሃያ አንድ አሉ፣ ማርያም ናት አሉኝ፣ ይሁን አልኩ።"

ፈቃድ ያላቸው ቤቶች ቀርከሃ ሁሉ ክፍት ነበር፤ እነሱ ሰሙት። በጆሮ ቤቱ ያለው ሰሚም ሰማው። አንድም ሰው አልሣቀም። አንድም ሰው ደግሞ "ተው፣ ባላምባራስ፣ አትድፈነው!" አላለም። እናቲቱ አብሬሽ አምጣለሁ ስትል አሜን ያለው አገር ሁሉ ለየራሱ ቀርከሃ ፈርቶ ትንፋሹን ዋጠ። ይህን ስናገር ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

"አጎቴ" አለች ዘርፌ። "እስከ ነገ አይቆይልኝም? ልጁ እስኪወጣ ብቻ።"

እሺ ማለት ይችል ነበር። ምን ይደርስበታል? ወንበሩን ያጣል፣ በቃ! አይገረፍ፣ አይታሰር። የያዘው ሰም ግን ከላቡ ጋር ተለውሶ ጣቱ ላይ ተጣብቋል፣ ውጭ ያለውም ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አይቻልም፣ ልጄ" አለ።

አንጓች ይህን ስትሰማ ዘላ ደረሰች። በትከሻዋ ገፍታው አፏን ወደ ቀርከሃው አድርጋ "ዘርፌ! አይዞሽ የኔ ልጅ! ጥርስሽን ነክሰሽ..." ስትል እሱ እጁን በፊቷ አሳልፎ ሰሙን ጠቀጠቀው። ከዚያ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ማዶ ሰው ይሙት ይዳን የሚያውቅ አልነበረም። ሰሙን እንዳትነቅለው ጆሮ ቤቱ ይሰማል፤ አንጓች ምሽት ምሽት ከተደፈነው ቀርከሃ አጠገብ ትቀመጥና ትተኛለች። አስረበብ በሸንጎው ወንበሩ ላይ ነበር፤ ሰው እንደ ቀድሞው ብድግ ይልለታል። እሱ ግን ብድግ ያሉትን ሰዎች ዓይን ማየት አቃተው።

አደይ ፈንድቶ ድልድዩ ሲሠራ መጀመሪያ የተሻገረችው አንጓች ናት። አስረበብም ቅቤና ማር ተሸክሞ ሳይጠራ ከኋላዋ ሄደ። ተመለስ አላለችውም፣ ቆማም አልጠበቀችውም። ከማዶ የሚመጣ መንገደኛ ሲያጋጥማት ስለ ልጇ ለመጠየቅ እየፈራች መንገድ ለቅቃ ታሳልፈው ነበር።

ዘርፌ በሕይወት ነበረች። የወለደቻት ሴት ልጅም። አንጓች ደጃፉ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ እናትና ልጅ ተቃቅፈው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። አስረበብ ሸክሙን ሳያወርድ ከበራፉ ቆሞ ቀረ። ዘርፌ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እሱ መጣችና እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

"እንኳን ደህና መጡ፣ አጎቴ።"

"ይቅር በይኝ" አለ። መንገዱን ሙሉ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ነበር፤ ከዚያ ሁሉ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

"እግዜር ይቅር ይበለን" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እንዲያፍሩ ብዬ አይደለም የምነግርዎት። ምጡ ሲጠናብኝ የእማዬን ድምፅ ላስታውስ ሞከርኩ። ምን ትለኝ ነበር እያልኩ ታገልኩ። እምቢ አለኝ። የመጣልኝ የእርስዎ ነው። እስክገላገል ድረስ 'አይቻልም፣ ልጄ' ይሉኝ ነበር።"

ይህን ብላ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ እጁ ላይ አኖረችለት። "እስኪ ይመርቁልኝ፤ እኔ ለእማዬ የእግር ውሃ ላሙቅ" ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ባላምባራስ አስረበብ ሕፃኗን ታቅፎ ቆመ። ልጅቱ ዓይኗን ከፍታ ታየዋለች። ሊመርቃት "እደጊ" ብሎ ጀመረ፤ የገዛ ድምፁን ሲሰማው አፍሮ አፉን ዘጋ።